በሚስተር ናካኖ መቃብር ላይ ያጨድኩት ሣር

ባለፈው ግንቦት ጡረታ ወጣሁ። ወጣሁ ከምል አወጡኝ ብል ይሻላል፤ እዚህ አሜሪካ፣ ማኪኒ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁበት የአበባና የችግኝ ነርሰሪ ተሸጠና መሬቱ ላይ ቤት ሊሠሩበት ቡልዶዘር ገባ። በዚያው ሳምንት ልጄ ሊዲያ ኬክ ይዛ ጋርላንድ ወደሚገኘው ቤታችን መጣች።

"ዳዲ፣ ማለቴ፣ ሰዎች አባትሽ ምን ነበር የሚሠራው ሲሉኝ ፕላንትስ እላለሁ። ግን ላይክ፣ ሪሊ ምን ነበር የምትሠራው?" አለችኝ ኬኩን እየቆረሰች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይቺን ልጅ በዚያ ሥራ ነው እኮ ኮሌጅ ያስተማርኳት! ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው፤ መቼ ነግሬያት አውቃለሁ? ጭቃ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ራቴን በልቼ፣ ቲቪ ፊት እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ያሳደግኳት። እንግዲህ አሁን ጊዜ አለኝና ልንገራት። የደሞዙንና የወረቀቱን ነገር ለጡረታ ፎርሙ ትቼዋለሁ።

አገር ቤት፣ ጎጃም ውስጥ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ሸበቶ ገበሬ ሰብስቤ "አረም የሰነፍ ምልክት ነው!" እያልኩ የምሰብክ ደፋር። እነሱም በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ እርጎ አብልተው ይሸኙኛል። ያ ስብከት ለእነሱ ይጥቀም አይጥቀም እንጃ፤ እኔን ግን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዛሬም ያልታረመ መደብ ሳይ እጄን ይበላኛል። ጣጣውን ሁሉ ያመጣብኝ ይኸው እጄ ነው።

አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ሳወርድ ከረምኩ። ከዚያ ሣር አጫጅ ቡድን ውስጥ ገባሁ። አለቃችን ራሞን የሚባል ሜክሲኳዊ ነበር፤ ሲስቅ ትራኩ የሚነቃነቅ፣ ሲቆጣ ግን የሚያስፈራ ሰው። ከእሱ የተማርኩት ፍጥነት ነው። በቀን ስንት ግቢ ጨረስክ፣ እሱ ብቻ ነው የሚጠየቀው። አንድ ቀን ማኪኒ ላለው ነርሰሪ የታዘዘ አፈር ስናራግፍ፣ ልማዴ ሆኖ ትንሽ ጨበጥ አድርጌ አሽትቼ፣ "ይሄ ገና አልበሰለም" ብዬ ለራሴ በአማርኛ አጉተመተምኩ። ቀና ስል አንዲት ትንሽዬ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ ቆመው እያዩኝ ነው።

"አልተብላላም፣ አይደል?" አሉኝ በእንግሊዝኛ። ራሴን ነቀነቅሁ።

"የሣር ማጨጃ ማሽኑን የሚተዉ ከሆነ ሰኞ ይምጡ።"

ሚስስ ናካኖ ማለት እኚህ ናቸው። የነርሰሪው ባለቤት፤ ከጃፓን ገጠር በወጣትነታቸው የመጡ። ባላቸው እኔ ከመግባቴ በፊት ሞተዋል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር እንግባባ ነበር፤ አጥርቶ የሚናገር ሰው መጥቶ ሲያወራን ነው የሚጠፋን። በእንግሊዝኛ ሁሉም ሰው "ዩ" ቢሆንም፣ እኔ በልቤ አንቺ ብያቸው አላውቅም። እንዴት ተብሎ!

ልማዳቸውን ብዘረዝር አያልቅም። ጠዋት ሲገቡ የሸክላ ማሰሮዎቹን በጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ እያደረጉ ያልፋሉ። የደረቀው ይጮኻል፤ ውሃ የጠጣው ድምፁ ይታፈናል። እኔ ጣቴን አፈር ውስጥ ስከት "ሰው ቁርስ በልቶ እንደሆነ ለማወቅ አፉ ውስጥ ጣት አይከቱም" አሉኝ። ማታ መሣሪያዎቹን ሁሉ ዘይት በጠጣ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ሰካ ነቀል ያደርጓቸዋል፤ በሥራ ዘመኔ የዛገ መቀስ እዚያ ግቢ አላየሁም። ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ጠዋት የመጡበትን መስመር ወደኋላ ይሄዱበታል። ስመጣ የሸሸገኝ ስመለስ ይታየኛል ይላሉ። እውነትም አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ወይ የታመመ ቅጠል፣ ወይ የተረሳ ውሃ ያገኛሉ። ከኮሌጅ ያልተማርኩትን በዚያ የምሽት ጉዞ ተማርኩ።

የገባሁት በአሜሪካው በጋ ሙቀት ነው። መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ከረጅም ድርቅ በኋላ ደህና ዝናብ ጣለ። ከቀናት በኋላ አጥሩ ሥር፣ ምንም ካልነበረበት ባዶ መሬት፣ እርቃኑን የሆነ አገዳ ብቅ ብቅ አለ። ቅጠል የሚባል የለውም! በነጋታው አገዳው ጫፍ ላይ ቀይ አበባ ፈነዳ። ቀይ ስላችሁ የበርበሬ ቀይ አይደለም፤ የፍም ቀይ ነው። የአበባው ክንፎች ወደኋላ ተጠቅልለው፣ ክሮቹ ወደ ሰማይ ተዘርግተው። አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ቀኑ የእኛ አዲስ ዓመት ነበር። ሰው ለአዲስ ዓመት ለወደደው ሰው አበባ ይዞ አይደል የሚሄደው? እሰይ ብዬ አንድ እቅፍ ሙሉ ቆረጥኩ። በእንግጫ ፈንታ በሪባን አስሬ፣ ነርሰሪው ጀርባ ያለው ቤታቸው ሄጄ የወጥ ቤቱን በር አንኳኳሁ።

"እንኳን አደረሰዎ! ሃፒ ኒው ይር!"

በሩን ከፍተው አበባውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም የት እንደሄደ እንጃ። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለው "ቤት እንዳያስገቡት" አሉኝና በሩን ዘጉ።

አበባ ታቅፌ በዓመት በዓል ቀን ደጅ ቀረሁ። "ምን ዓይነት ክፉ ሴትዮ ነሽ!" ብዬ በአንቺ ተሳደብኩ፤ ቅድም አንቺ ብያቸው አላውቅም ያልኩትን አንሱልኝ፣ ያን ቀን ብያለሁ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ባልዲ ይዘው ወጡ፣ አበባውን ተቀብለው ውሃ ውስጥ አቆሙት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

ያኔ ነው ሂጋንባና ስለሚባለው ስለዚህ አበባ የሰማሁት። ሂጋን ማለት ወዲያኛው ማዶ፣ የሞቱት ያሉበት ዳርቻ ማለት ነው። በጃፓን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ይሄዳል፤ ድንጋዩን ያጥባል፣ ይጠርጋል። ይህ አበባ ልክ የመኸሩን ሳምንት ጠብቆ በሩዝ ማሳ ዳርና በመቃብር ዙሪያ ይፈነዳል። ስለዚህ የሙታን አበባ ይሉታል፣ የቀበሮ ችቦም ይሉታል። ልጆች ቆርጠው ቤት ቢያስገቡ አያቶች ይጮኻሉ፤ ቤቱ ይቃጠላል ተብሎ። ዛሬ ግን የእነዚያው አያቶች የልጅ ልጆች ባቡር ተሳፍረው ማሳ ሙሉ ቀዩን አበባ ሊያዩ፣ ፎቶ ሊነሱ ይሄዳሉ። "እኔ ግን የድሮ ሰው ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ።

ሽንኩርት የመሰለው ሥሩ መርዝ ነው። ፍልፈል የማሳውን ድንበር እንዳይበሳ፣ መቃብሩን እንዳይነካ ሰው ሆን ብሎ ተክሎታል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ያንኑ መርዝ ፍቀው፣ ደጋግመው አጥበው በልተውታል።

"እኛም አገር ግብጦ አለ!" አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። "መራራ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ቀናት ተዘፍዝፎ ነው የሚበላው!" ግብጦ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሁለታችንም አናውቅም። እሳቸው ግን ገባቸው። ረሃብ ያስተማረው እጥበት ነውና የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ይሄ አበባ ዘር የለውም፤ ነፋስ አይወስደው፣ ወፍ አይወስደው" አሉኝ በመጨረሻ። "የቆመበት ቦታ ሁሉ የሆነ ሰው እጅ አለበት። ባለቤቴ ሲታመም የመቃብር ቦታውን ገዛና ሄዶ በገዛ እጁ ተከለው። መቼ ልምጣ ብለሽ አትጨነቂ፣ አበባው ይጠራሻል አለኝ።" ከዚያ "አበባና ቅጠሉ አይተያዩም" የሚል ነገር ጨመሩ። እኔ አይተያዩም ማለት ቅጠል የለውም ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። ለባለቤቴ ለአስቴርም፣ ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼም "ቅጠል የሌለው አበባ አየሁ" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። አይ እኔ!

የአሜሪካው የብርድ ክረምት አልፎ መጋቢት ገባ። ሚስስ ናካኖ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ተኙ። የፀደዩ ሂጋን ደረሰ፤ መቃብር መሄድ አልቻሉም። እዚያው አልጋቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ሚስተር አለሙ፣ ድንጋዩን አጥበውልኝ ይመጣሉ? እሱ ብቻ ይበቃል።"

እሱ ብቻ ይበቃል ብለውኛል እኮ! መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መቃብሩ ጋ ስደርስ ምን ልይ፤ ድንጋዩን ዙሪያውን ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሣር ወርሶታል። እጄን በላኝ። የእኔ ሴትዮ ባል እንዲህ በአረም ተውጦ ይተኛ? ከመኪናው መኮትኮቻዬን አወጣሁ። ጨረስኩት አልላችሁም፣ አራቆትኩት። ሥር ሥሩን ፍቄ፣ ሽንኩርት የሚመስል ነገር ሲወጣ እሱንም ሸርክቼ፣ አፈሩን በመዳፌ ደልድዬ፣ ድንጋዩን አጥቤ፣ ላቤን ጠርጌ ቆሜ አየሁት። ልማት ሠራተኛ ሳለሁ እንኳን እንዲህ የጸዳ መደብ ያየሁ አይመስለኝም። እያፏጨሁ ተመለስኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ አበው፤ እኔን ያውቁኝ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ ላይ በዎከር እየተደገፉ ወደ ነርሰሪው ተመለሱ። አጥሩ ሥር ቆሙና "ይሄን ማንም እንዳይነካው፤ ቢጫ ሆኖ ራሱ እስኪወድቅ ይተውት" አሉኝ። ያሳዩኝ ሣር ነው። መሃሉን ነጣ ያለ መስመር የሚያልፍበት፣ ጥቁር አረንጓዴ ሣር።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሂጋንባና ነው እንጂ። አበባው ሲሄድ ቅጠሉ ይመጣል፤ ክረምቱን ሙሉ ለሥሩ ይበላለታል። ቅጠሉ ሲሄድ አበባው ይመጣል። አይተያዩም አላልኩዎትም?"

ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀት ነው ብዬ ዋሸሁ።

ያን ቀን ማታ ለሊዲያ ኮል አደረግኩ። ያኔ ኮሌጅ ባዮሎጂ ነበር የምትማረው። የሰው ስም ሳልጠራ አንድ አበባ ቅጠሉ ቢቆረጥ ምን ይሆናል አልኳት። "ዌል፣ ቅጠሉ ነው ምግብ የሚሠራው፣ ራይት? ሶ ኪችኑን አጠፋኸው። ሥሩ ከተረፈ መጀመሪያ ይርበዋል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ላያብብ ይችላል" አለችኝ። ሚስስ ናካኖ ያኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሁለት ዓመት ከየት አመጣላቸዋለሁ? ሰውየው አበባው ይጠራሻል ብሎ ሞቷል፤ እኔ መጥቼ አፉን ዘጋሁት።

ልንገራቸው እያልኩ በጋው አለቀ። አልደፈርኩም። መስከረም መጣ፣ ዘነበ፣ ነርሰሪው አጥር ሥር ቀዩ አበባ ተንቦገቦገ። መቃብሩ ላይ ምንም የለም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አያለሁ፤ ምንም። ሂጋኑ ደረሰ፣ ጠዋት እንድወስዳቸው ቀጠሩኝ። ያኔ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ማለዳ ተነስቼ ከአጥሩ ሥር ሃያ የሚሆን አበባ ቆረጥኩ፣ መቃብሩ ዙሪያ አፈሩን በሽቦ እየበሳሁ አንድ በአንድ ሰካሁት። ከሩቅ ላየው የተተከለ ነው።

አመጣኋቸው። በዎከራቸው ቀስ እያሉ ደረሱ። ድንጋዩን አዩ፣ አበባውን አዩ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጎንበስ አሉ፤ በዚያ ዳሌ ጎንበስ ማለት ምን ያህል እንደሚያማቸው አውቃለሁ። አንዱን አገዳ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት። ወጣ። ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ነው።

"መቀሱን ደህና ስለውታል" አሉ።

ከአፌ የወጣውን ሁሉ ዛሬ አላስታውሰውም። ስለ መኮትኮቻው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ሚያዝያው ውሸት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሥራዬንም እለቃለሁ አልኩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ በስንት ጣዕሙ! የተቆረጠውን አገዳ እንደያዙ "የቆረጡት ስላላወቁ ነው" አሉ። "ይሄኛው ግን አውቀው ነው። ከሁለቱ የከፋኝ ይሄ ነው።" አንገቴን ደፋሁ።

"ከነርሰሪው ሌላ ሥር አምጥቼ ልትከልልዎት" አልኳቸው።

"እሱ የተከለው አይሆንም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ማዳበሪያ አይፈልግም። ውሃ አይፈልግም። አፈሩ ውስጥ የተረፈ ካለ፣ ቅጠሉ ሲመጣ ማንም እንዳይነካው። ሌላ ሥራ የለውም። ሰኞ የአይሪስ አበባውን ሥር እንከፋፍላለን፣ በሰዓትዎ ይምጡ።"

ጥቅምት ላይ ሄጄ መሬቱ ላይ በሆዴ ተኝቼ አየሁ። አምስት ቀጫጭን ቅጠል፤ መሃላቸው ነጣ ያለ መስመር። ጮኼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን የመቃብር ቦታውን በየሐሙሱ የሚያጭድ ቡድን አለ፤ ዊድ ኢተር በሚሉት የእጅ ሣር ማጨጃ ማሽን ድንጋዩን ዙሪያውን ነው የሚላጩት። እንጨት ተክዬ ገመድ ባስር የመቃብሩ ሕግ አይፈቅድም ብለው አነሱብኝ። ምን አማራጭ አለኝ? በየሐሙሱ የምሳ ሰዓቴን እዚያው አደረግኩት። ሳንድዊቼን ይዤ ቅጠሉ አጠገብ ቆሜ እበላለሁ። የመጀመሪያው ሐሙስ ትራኩ ቆመና ማን ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ራሞን!

"አለሙ! አሁን ደግሞ ሣር መጠበቅ ጀመርክ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። በእሱም አገር በመኸር ለሙታን የሚወሰድ ብርቱካናማ አበባ አለና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ኮፍያውን አውልቆ አብረውት ለሚሠሩት ልጆች በስፓኒሽ የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ዊድ ኢተሩ እዚያ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም፤ ራሞን አንድ ቀን ሊያመው ይችላል።

የሚቀጥለው መስከረም አላበበም። ሚስስ ናካኖ በዊልቸር መጥተው ባዶውን መሬት አይተው "ገና ይበላል" ብለው ተመለሱ። ክረምቱን ቅጠሉ ዘጠኝ ሆነ፣ ወፈር አለ። እሳቸው ግን ከሳሱ። ልባቸው ደከመ፣ የምሽቱን ጉዟቸውን እኔ ዊልቸሩን እየገፋሁ ነበር የምንጨርሰው። ሦስተኛው መስከረም ደረቅ ሆነብን። የሂጋኑ ሳምንት ገባ፣ አለፈ፣ ምንም። መስቀል አለፈ። አስቴር "አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ አበባ የጸለይከውን ያህል ለልጅህ ባል ብትጸልይ ይሄኔ አግብታ ነበር" ትለኛለች። አልሳቅሁም። ልቤ ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሳንድዊቼን ይዤ ስደርስ ራሞን ድንጋዩ አጠገብ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አንድ አገዳ። አንድ ብቻ። ጫፉ ላይ ቀዩ ገና ሊፈታ ነው።

በማግስቱ ይዣቸው መጣሁ። አበባው ሙሉ በሙሉ ፈክቷል። ዊልቸሩን አስጠግቼ ወደኋላ ሸሸሁ፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ። በጃፓንኛ ለረጅም ጊዜ በዝግታ ሲያወሩ ቆዩ። አንዴ ሳቁ። ከዚያ ዞረው በእጃቸው ጠሩኝ።

"ይምጡ፣ እርስዎም ይንገሩት።"

እኛ ጴንጤዎች ከሞተ ሰው ጋር አናወራም። ፓስተራችን ቢያየኝ ምን ይላል? ቆምኩ፣ አበባውን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ተንበረከክሁ። እንግሊዝኛው እምቢ ስላለኝ በአማርኛ ነገርኩት፤ ጌታዬ፣ ቤትህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ አላወቅሁም፣ ይቅር በለኝ አልኩት።

"ምን አሉት?" አሉኝ ስነሳ።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩት።"

"እሱንማ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ" አሉ ሚስስ ናካኖ። "ዛሬ የነገርኩት በየሐሙሱ አጠገቡ ማን ምሳ ሲበላ እንደነበረ ነው።"